ከሶፋው ሆድ የወጡት ስድስት ሰዎች

ሶፋ ሆድ አለው። ሰው ላዩን ነው የሚያየው፤ ጨርቁን ይዳስሳል፣ ቀለም ያማርጣል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ሶፋ ሰሪ ግን ሆዱን ቀዶ የቤቱን ጉድ ያያል፤ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ ግማሽ ብስኩት፣ ባልና ሚስት "አንተ ነህ የጣልከው"፣ "አንቺ ነሽ" ተባብለው የተኮራረፉበት የቁም ሳጥን ቁልፍ። ስለዚህ ሙያው ሁለት ያልተጻፉ ሕጎች አሉት። አንደኛው ያገኙትን መመለስ፣ ሁለተኛው ያዩትን አለማውራት። ስፖንጅ ዕድሜውን ሙሉ ሁለቱንም አክብሮ ኖሮ፣ በአንድ ግራጫ ሶፋ የተነሳ አንደኛውን አፈረሰ። እሱን እጠግናለሁ ብሎ ደግሞ ሁለተኛውን።

ስፖንጅ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ያወጣለት አብሮት የሚሠራው አናጢ ነው። "ይሄ ሰውዬ ማንም ቢቀመጥበት አይሰበርም፤ ሲነሱለት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተመልሶ ይነፋል" አለና ስሙ በዚያው ጸና። ስፖንጅም ብድሩን መለሰና አናጢውን "መዶሻ" አለው፤ ነገር ሲናገር አናት አናት ስለሚል። ሁለቱ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሲሠሩ፣ መዶሻ እንጨቱን፣ ስፖንጅ ጨርቁን ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ ሲነቋቆሩ ይውላሉ። መዶሻ ጥቂት ዓመት ይበልጠዋል፤ ወገቡንም ያመዋል።

ግራጫው ሶፋ የመጣው ከቲቸር ቤት ነው። ቲቸር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። መጀመሪያ እንግሊዝኛ አስተማሩ፣ ኋላ ዳይሬክተር ሆኑ፤ የሰፈሩ ጎልማሳ እኩሌታ በእጃቸው ያለፈ ነው። ስፖንጅም አንዱ ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው የተማሪ ኪስ ይፈትሹ ነበር። ብይ፣ ላስቲክ፣ ካርታ፣ ወንጭፍ፣ ከኪስ የወጣ መጫወቻ ሁሉ ወደ መሳቢያቸው ይገባል፤ ከዚያ መሳቢያ ደግሞ ወጥቶ የተመለሰ የለም። "እዚህ የመጣችሁት ልትማሩ ነው ወይስ ልትጫወቱ?" ይላሉ። ስፖንጅ ዛሬ አርባን ተሻግሮ፣ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ ቲቸርን መንገድ ላይ ድንገት ካየ እጁ ሳያዘው ኪሱን ይዳስሳል።

እንግዲህ የእኚህን ሴትዮ ሶፋ ጀርባ ሲቀድ ነው፣ ከመቀመጫውና ከመደገፊያው መሃል ሾልኮ ሽቦው ላይ የተጋደመ ነገር እጁን የነካው። ቢያወጣው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ነው። ጠርዙ ተላልጧል፤ ቁልፎቹ ከአውራ ጣት ብዛት ለስልሰዋል።

"የልጅ ልጅ ረስቶት ይሆናል" አለና መደርደሪያ ላይ አኖረው። እዚያው ቢተወው ምን ነበረበት! ግን ስፖንጅ የተዘጋ ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ የሱቁን የስልክ ቻርጀር ሞከረው፤ ገጠመ። "ይሠራ እንደሆነ ብቻ ልየው" ብሎ አበራው።

ጨለማ መተላለፊያ መጣ። የድሮ ጌም ነው፤ ግድግዳና በር ብቻ እየሳለ የቀረውን በጽሑፍ የሚነግር። ስድስት ሰዎች ከአንዲት ከተማ ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ፎቅ በፎቅ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጭራቅ ሲገጥማቸው ሦስቱ ከፊት ሆነው ይመታሉ፣ ሦስቱ ከኋላ ሆነው አስማት ይደግማሉ፤ ከቀናቸው ሳጥን ያገኛሉ፤ በጣም ከቀናቸው በሕይወት ይወጣሉ። ስማቸውን የሚያወጣው ተጫዋቹ ነው። ስፖንጅ የላቲኑን ፊደል እየቆጠረ አነበበ። ከፊት አባባ፣ ጋሼ፣ ማሙሽ። ከኋላ እትዬ፣ ሚጡ፤ ከሁሉም ጥግ አስማተኛዋ፣ ቲቸር።

መጀመሪያ ሳቀ። ወዲያው ግን ስሞቹን መልሶ አነበባቸው። ጋሼ የቲቸር ባለቤት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሚስታቸውም ጭምር፣ ጋሼ እንዳሏቸው ነው ያረፉት። ማሙሽና ሚጡ ልጆቻቸው ናቸው፤ ዛሬ ሁለቱም ሩቅ አገር የልጆች ወላጅ ናቸው። አባባና እትዬም የቲቸር ወላጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። የልጅ ልጅ መጫወቻ አይደለም ለካ። ያቺ መጫወቻ ስትነጥቅ የኖረች እጅ ናት እነዚህን ቁልፎች ያለሰለሰቻቸው። ስፖንጅ የሰው መኝታ ቤት ሳያንኳኳ የከፈተ ያህል ደንግጦ አጠፋው።

በማግስቱ ደግሞ አበራው።

እንዴት እንደያዘው ለማንም ማስረዳት አይችልም። ትንሽ ወደፊት ተራመደ፤ አጽሞች መጡ፤ አባባና ጋሼ ጨፈጨፏቸው፤ "ሚጡ አንድ ደረጃ አደገች" የሚል ጽሑፍ ሲወጣ የገዛ ልጁ ክፍል የተሸጋገረች ያህል ደስ አለው። ሱቅ ውስጥ መዶሻ አለ፤ ቤት ውስጥ ሚስቱ አለች። የቀረው ከግቢው ኋላ ያለው ሽንት ቤት ነው።

"ምን ሆነህ ነው ሰውዬ፣ እዚያ ኪራይ ጀመርክ እንዴ?" አለው መዶሻ።

"ሆዴን... እንጃ፣ ትንሽ አሞኛል።"

ውሸት ደግሞ እንደ ሶፋ ስፌት ነው፤ አንዷን ከጀመርክ እስከ ጥጉ መሄድ ነው። መዶሻ ነገሩን ለስፖንጅ ሚስት ነገራት። እሷም ደነገጠችና ቅመም የማያውቀው ሩዝ በሳህን እየቋጠረች ትልክለት ጀመር፤ ስፖንጅም መዶሻ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ያንን ሩዝ እያላመጠ ይውጣል። ዕቃ በደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከታች የሚይዘው ነው ክብደቱን የሚሸከመው፤ ድሮ በመዶሻ ወገብ ምክንያት ከታች የሚሆነው ስፖንጅ ነበር። አሁን መዶሻ "ተው፣ ሆድህ ነው፣ አንተ ከላይ ያዝ" እያለ ራሱ ይገባበታል። ስፖንጅ ከላይ ሆኖ የመዶሻን አናት እያየ፣ ላቡ በጆሮው ሥር ሲወርድ እያየ፣ "ዛሬ እነግረዋለሁ" ይላል። ዕቃው መሬት ሲነካ ይረሳዋል።

አንድ ቀን እነዚያ ስድስት ሰዎች አንድ ሳጥን አገኙ። ረዘም ያለ ጥያቄ በእንግሊዝኛ መጣ። ስፖንጅ የመጀመሪያዋን ቃል አነበበ፤ "ክፈት" የምትል መሰለችው፤ ተጫነው። ሳጥኑ ወጥመድ ነበረው። ስድስቱንም አንስቶ ከዋሻው እጅግ በታች፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ፍጡሮች መሃል ጣላቸው። መጀመሪያ ማሙሽ ወደቀ። ቀጥሎ አባባ፣ ከዚያ ጋሼ። ከፊት ያለው ሲያልቅ ከኋላ ያሉት ተጋለጡ፤ እትዬ፣ ሚጡ፣ መጨረሻም ቲቸር። ስድስት መቃብር በጥቁር መስታወት ላይ ተደረደረ።

ስፖንጅ አጥፍቶ አበራው። ጌም አይደል፣ ከበፊቱ ይጀምራል ብሎ። የለም። ይህ ጌም እንደ ባለቤቱ ነው፤ ያጠፋኸውን እዚያው ይይዝብሃል፣ ለመካድ ጊዜ አይሰጥም። ሰዎቹ ሞተዋል፤ ሬሳቸውም ዋሻው ውስጥ ቀርቷል። ስፖንጅ ግድግዳውን ተደግፎ፣ እንደ ሕፃን ከንፈሩን ነክሶ ቀረ።

ቲቸር ሱቅ የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። የቆዳ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ የተቀደደውን ሶፋ ዙሪያውን እየዞሩ አዩት።

"እንዴት ነው፣ ይደርሳል?"

"ይደርሳል ቲቸር።"

"የድሮ ባልደረቦቼ ሊሰበሰቡ ነው፤ በፕላስቲክ ወንበር አላስቀምጣቸውም።" በጣታቸው ሽቦውን ነካ ነካ አደረጉ። "እ... ውስጡ የሆነ ነገር አላገኘህም?"

የስፖንጅ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። መጫወቻው እዚያው ነበር። "ምን ዓይነት ነገር ቲቸር?"

"አይ... ያው... መነጽር።"

"መነጽርማ እላይዎ ላይ ነው" አለ መዶሻ ከወዲያ፣ ሚስማሩን ከአፉ ሳያወጣ።

ቲቸር ፊታቸው ላይ ያለውን መነጽር ነካ አደረጉ። "ሌላ ነው" አሉ ቆጣ ብለው። "የማንበቢያዬ።"

ስፖንጅ ገባው። ምን እንደሚፈልጉ ገባው፤ ለምን ስሙን እንደማይጠሩትም ገባው። አውጥቶ ቢሰጣቸው በዚያች ቅጽበት ይገላገል ነበር። ግን ምን ብሎ? "እነሆ መጫወቻዎ፤ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ገድዬብዎታለሁ"?

"መነጽር አላገኘሁም ቲቸር" አለ። እውነት ነው፤ መነጽር አላገኘም። እንዲህ ያለ እውነት ከውሸት ይብሳል። ቲቸር ዓይኑን አዩት፤ የሚያውቁት ዓይን ነው። ነገር ግን ያን ቀን እሳቸውም ዓይናቸውን መስበር ነበረባቸው። "ይሁን" ብለው ወጡ። ስፖንጅ እስከ ማዕዘኑ ድረስ በዓይኑ ሸኛቸው፤ አንድ ጊዜ ቆም ብለው ቦርሳቸውን ከፍተው አዩ፤ እዚያም እንደሌለ እያወቁ።

ያኔ ነው ስፖንጅ ለራሱ የማለው፤ ሶፋው ከመመለሱ በፊት ስድስቱም ከዋሻው ይወጣሉ።

ጌሙ አንድ መንገድ ነበረው። አዲስ ሰዎች ፈጥሮ፣ አሠልጥኖ፣ ወደ ታች አውርዶ ሬሳዎቹን ተሸክሞ ማውጣት። ስፖንጅ አራት ሰዎች ፈጠረ፤ ስፖንጅ፣ መዶሻ፣ ሚስማርና መርፌ። ከፊት ቀድሞ ዱላውን የሚቀበለው መዶሻ ሆነ። ስም ሲያወጣ ለቀልድ ብሎ ነበር፤ የኋላ ኋላ ግን፣ "መዶሻ ተመታ፣ መዶሻ ተመታ" የሚለውን ጽሑፍ እያነበበ፣ ከውጭ እውነተኛው መዶሻ ብቻውን ጣውላ ሲጎትት ሲሰማ፣ ቀልዱ መረረው። በጌሙም ሸክሙ የእሱ ሆነ።

መንገዱ እንዳይጠፋው ደግሞ ለሶፋው ሥር የተቆረጠው ጥቁር ጨርቅ ላይ በጠመኔ የዋሻውን ካርታ መንደፍ ጀመረ። መዶሻ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው።

"ይሄ ምን ዓይነት አቆራረጥ ነው?"

"አዲስ ፋሽን ነው።"

"ለሶፋ ነው ለአይጥ?"

የሶፋው ቀን ተላለፈ። ቲቸር ደወሉ፤ ስፖንጅ "ጨርቁ አነሰን" አለ። ሌላ ጊዜ ደወሉ፤ "ሽቦው ነው" አለ። እንዲህ እያለ ሁለት ሁለቱን አወጣቸው። መጀመሪያ ማሙሽንና ሚጡን፣ ከዚያ አባባንና እትዬን፣ በመጨረሻ ጋሼንና ቲቸርን። ከተማዋ ውስጥ ቤተ መቅደስ አለ፤ ካህኑ ከደገመላቸው ሙታን ይነሳሉ። ተነሱ። አንድ በአንድ ስማቸው ሲበራ ስፖንጅ ሽንት ቤት ውስጥ ብቻውን "ተመስገን" ይላል። ተራው የጋሼ ሲደርስ ግን ድግምቱ ከሸፈ። ጋሼ አመድ ሆኑ።

አመድ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ያስተማሩት ቲቸር ራሳቸው ናቸው። አመድም ቢሆን አንድ ዕድል ይቀረዋል፤ ካህኑ እንደገና ይሞክራል፣ ይሄኛው ከከሸፈ ግን ስሙ ከነአካቴው ይጠፋል። ጌሙ ጠየቀ። ስፖንጅ በዚህ ጊዜ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። አውራ ጣቱን ከቁልፉ አነሳ። ከዚያ አጠፋው። የሌላ ሴት ባል ነው። ይህንንስ የምትጫነው እሷ ናት። ስለዚህም መጫወቻውን ሶፋው ውስጥ መልሶ መወተፍ አይበቃም፤ አፍ አውጥቶ መናገር ግድ ሆነ።

ሶፋውን ሰፋ፣ ሌላ ጥቁር ጨርቅ ስላልነበረው ካርታውን ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ከሥሩ መታው፣ እና ተሸክመው ሄዱ። ከታች መዶሻ፣ ከላይ ስፖንጅ።

አስቦ የነበረው ቲቸርን ኮሪደር ላይ ለብቻ ጠርቶ ሊነግራቸው ነው። ነገር ግን በዘገየው ሶፋ ምክንያት ያ ቀን የእንግዶቹ ቀን ሆኖ ተገኘ። ሦስት ጡረተኛ መምህራን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረው ሻይ ይጠጣሉ። ሶፋው ሲገባ "እሰይ! እሰይ!" ተባለ።

"ቲቸር፣ አንድ ጊዜ ለብቻ ላነጋግርዎ?" አለ ስፖንጅ።

"እዚሁ ተናገር። እነዚህ የቤት ሰዎች ናቸው።"

"ለብቻ ቢሆን..."

"ምንድነው የምትሽኮረመመው? ተናገር!"

ያ ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ሲመጣ ስፖንጅ አርባ ዓመቱ ረገፈና ኪሱን ገልብጦ አሳየ። መጫወቻው እጁ ላይ ወጣ። "ይሄ... ከሶፋው ውስጥ የተገኘ ነው..."

ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩት ሽማግሌ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ኧረ ዳይሬክተር! በስተርጅና መጫወቻ ጀመሩ እንዴ?"

ቲቸር ቀሉ። ስፖንጅ ያንን ፊት ያውቀዋል፤ በር ላይ ኪሱ የተገለበጠ ተማሪ ፊት ነው። የቲቸር እጅ ሳያዙት የቀሚሳቸውን ኪስ ዳሰሰ።

"የኔ አይደለም" አሉ። "አይቼውም አላውቅ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ስፖንጅ በወደደ ነበር። ሊመልስ መጥቶ ሴትዮዋን በሰው ፊት ገልቦ አቆማቸው። "የእርስዎ ነው" ቢል ያዋርዳቸዋል፤ ይዞ ቢወጣ ስድስቱን ሰዎች ይዞባቸው ይሄዳል።

"ይቅርታ ቲቸር፣ አፌ ነው" አለ። "ሶፋው ውስጥ ረስቼው ነበር ለማለት ነው። ስሠራ። የኔ ነው።"

"የአንተ?" አሉ የሒሳቡ መምህር።

"አዎ። እጫወትበታለሁ።"

በሩ ላይ የቆመው መዶሻ አፉን ከፈተ። እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ።

"ይሄ ሁሉ ጢም ይዞ?" አሉ አንደኛዋ፣ ድሮ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩት። "ሚስትህ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ውይ በሞትኩት! ዳይሬክተር፣ ይቅጡት እንጂ! ግድግዳ አስዙረው ያቁሙት!"

ቲቸር አልሳቁም። ቀስ ብለው ቀረቡት። "ና እስቲ ወዲህ" አሉ፣ በዚያው ድምፅ። "ምንድነው ጨዋታው?"

"ዋሻ መውረድ ነው ቲቸር። ስድስት ሰዎች አሉኝ። ሳጥን ከፍቼ... አስጨረስኳቸው።"

"ምን ተጽፎ ነበር ሳጥኑ ላይ?"

"አላነበብኩትም።"

"ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳታነብ መልስ አትስጥ ብዬ አላስተማርኩህም?"

"አስተምረውኛል።"

እንግዶቹ ሆዳቸውን ያዙ። ስፖንጅ ጆሮው ነደደ፤ እስከ አንገቱ ተቃጠለ። ግን ቀጠለ፤ "ሁሉንም አውጥቻቸዋለሁ። አምስቱ ድነዋል። አንዱ ግን..."

"ማነው አንዱ?" ጥያቄያቸው ፈጠነ።

"ከፊት የሚቆመው። ትልቁ ሰውዬ። አመድ ሆኗል።" ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ የሚያወራው ለጫማቸው ነው። "አንድ ሙከራ ይቀረዋል። እኔ አልደፈርኩም። የሰው... የኔ ሆኖ አልታየኝም።"

ቲቸር መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሻርፓቸው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። "አለመድፈርህስ ደግ ነው" አሉ፣ ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ። ከዚያ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብለው፣ "ሁለተኛ በሥራ ሰዓት እንዳላይህ! ትልቅ ሰው አይደለህም? አታፍርም?"

"አፍራለሁ ቲቸር።"

ይህቺኛዋ ያለ ስፌት፣ ያለ ገበር የወጣች እውነት ነበረች። ስፖንጅ ጎንበስ ብሎ ትራሶቹን ያስተካከለ መሰለና፣ መጫወቻውን ከግራው ጥግ፣ በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ሰደደው። ቀና ሲል የሒሳቡ ሽማግሌ ስኒያቸውን ይዘው ወደዚያው ጥግ ሲመጡ አየ።

"እዚያ አይቀመጡ!" አሉ ቲቸር።

"ምነው?"

"ስፖንጁ ገና ነው፤ አልለመደም።" ብለው ራሳቸው ሄደው ተቀመጡበት፣ ቀሚሳቸውን ዙሪያውን ዘርግተው። ከዚያ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። "ያቺንም ባለ ክንድ ወንበር ውሰዳት፤ ትታደስ። ውስጧን ግን በደንብ አይቼዋለሁ። ምንም የለባትም።"

ወንበሯን አንስተው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ውስጥ ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ "ጢሙን ይዞ!" ይላሉ። ከሁሉም የጎላው የቲቸር ሳቅ ነበር።

ደረጃው አፍ ላይ መዶሻ ወንበሯን መሬት አስቀመጠ።

"እና ሆድህን አላመመህም።"

"አላመመኝም።"

"እዚያ ሽንት ቤት..."

"እህ።"

መዶሻ ወገቡን በእጁ ያዘ፤ ሳያስበው ነው የያዘው። "ሚስትህ እኮ ደውላልኝ ነበር። 'ከባድ ነገር እንዳታሸክመው፣ አደራህን' አለችኝ።"

ላይ ቤት የተሳቀበት ሳቅ ሁሉ ከዚህ ይቀል ነበር። መዶሻ ወደ ታችኛው ደረጃ ሊያልፍ ሲል ስፖንጅ ቀደመው፣ ጎንበስ ብሎ ወንበሯን ከሥሯ ያዘ።

"ከታች እኔ ነኝ" አለ።

መዶሻ ከላይ ያዘ። ወረዱ፤ ወንበሯ ስፖንጅ ደረት ላይ ተጋድማ፣ ክንዷ ጉንጩን እየፈተገው። ከብዳዋለች። ግን ፊቱን ከመዶሻ ስለጋረደችለት፣ ደረጃው ትንሽ ባያልቅ ብሎ ተመኘ።